በመጀመሪያው ሚዛን ያልተጠየቀ

አንድ የጊምቢ ቡና አቅራቢ እንውሰድ። ዋጋ የሚጠያየቀው በቴሌግራም ነው። ገንዘብ የሚልከውና የሚቀበለው በባንክ መተግበሪያ ወይም በግንቦት 2013 ሥራ በጀመረው ቴሌብር ነው። መኪናው የት እንደ ደረሰ ሾፌሩን በስልክ ይጠይቃል። መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ ግን ዘመኑ ይለወጣል። ማን ስንት ፈረሱላ እንዳስገባ፣ የትኛው ሰብሳቢ በቅድሚያ ከወሰደው ብር ስንቱን በቡና እንዳወራረደ የሚያውቁት አንድ ደብተርና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ብቻ ናቸው። የነቀምቱ በቆሎ ነጋዴም ሆነ የደምቢ ዶሎው የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ከዚህ ብዙም አይርቁም። የኤሌክትሮኒክ ንግድ ወለጋ የገባው በክፍያው በኩል ነው፤ ጓዳውን ገና አላየውም።

ለዚህ ክፍተት የሚቀርበው የተለመደ መድኃኒት ኢአርፒ የሚባለው ሥርዓት ነው። ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭን፣ ደመወዝንና ሒሳብን በአንድ መዝገብ የሚያስተሳስር ሶፍትዌር ማለት ነው። የመጋዘኑ ሰው ዕቃ ሲረከብ ሒሳብ ሹሙ ዘንድ ያለው ዕዳም ክምችትም እዚያው ይስተካከላል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚጽፍ ሰው አያስፈልግም። ከአይቢኤም የወጡ አምስት መሐንዲሶች በ1972 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የመሠረቱት ሳፕ በዚህ ሥራ ዓለምን አዳርሷል። ለአነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ እንደ ኦዱ ያሉ ኮዳቸው ክፍት የሆኑ አማራጮች አሉ። ከሶፍትዌሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። ነጋዴው መጀመሪያ ሶፍትዌር ይገዛል፣ ከዚያ ሠራተኛ ያሠለጥናል፤ በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ምን እንደሚመዘገብና ማን እንደሚመዘግበው የሚያስበው በመጨረሻ ነው፤ ካሰበውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ነገር ደግሞ በኋላ የትኛውም ኮምፒውተር ፈልጎ አያገኘውም።

ወለጋ ይህን የምታውቀው ከቅርብ ታሪኳ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 ደግሞ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና የራሳቸውን እርሻ ምርት ከሚልኩ አልሚዎች በስተቀር ለውጭ ገበያ የሚሄደውን ቡና ወደዚህ መድረክ አስገባው። በ2001 የቡና ግብይት ተጀመረ። የምሥራቅ፣ የምዕራብና የቄለም ወለጋ ደረቅ ቡና በአብዛኛው «ለቀምት» በሚለው የንግድ ስም ይሸጥ ጀመር።

ንድፉን ያኔ እንደነበረው፣ እንደ አንድ የሥራ ሂደት ብናየው የሚደነቅ ነው። መኪናው ጊምቢ መጋዘን በር ላይ ይቆማል። ናሙና ይወሰድለትና በኮድ ይታሸጋል፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም። ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ባለቤትነቱ በኤሌክትሮኒክ የመጋዘን ደረሰኝ ላይ ይሠፍራል። ቡናው ከጊምቢ ሳይነቃነቅ ደረሰኙ አዲስ አበባ ላይ ይሸጣል፣ ገንዘቡም በማግስቱ የሻጩ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ ገንዘቡን ለሳምንታት የሚጠብቅና ጭራሽ የሚካድ አቅራቢ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሆነ አይጠፋውም። በአገራችን ከተነደፉ የሥራ ሂደቶች ሁሉ ይህን የሚስተካከል ብዙ አላውቅም።

ሆኖም መዝገቡ አንድ ጥያቄ አልነበረውም፤ ቡናው ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ገበሬ ማሳ መጣ? ገበያው የሚሸጠው ደረጃን ስለነበር፣ አንድ ደረጃ ያገኙ የሁለት አቅራቢዎች ቡናዎች አንድ ክምር ሆኑ። ለልዩ ጣዕም ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው የውጭ ገዢ «ይህ የየት ነው?» ሲል መልስ የሚሰጠው አልተገኘም። መረጃው ጠፍቶ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍና በአይቢኤም ቴክኖሎጂ የምርቱን ምንጭ የሚከታተል ሥርዓት የተዘረጋው በ2008 ግድም ነው። አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲገበያዩ በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ ቀጠለ። አንዲት ባዶ ዓምድ ለመሙላት ከሰባት ዓመት በላይ ፈጀ። በ1991 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በዚህ ረገድ ቀድሞ ነበር። በቀጥታ ስለሚልክና የኦርጋኒክና የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫዎች ስለሚያስገድዱት፣ ቡናውን ከመጣበት መሠረታዊ ማኅበር ስም ጋር አያይዞ መያዝ ነበረበት።

ወደ አቅራቢያችን መጋዘን እንመለስና በዚያው ዓይን እንየው። የሚገዛው ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ነው፤ የሚሸጠው የተቀሸረ ቡና ነው። ግዥው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ይቆጠራል፤ ጭነቱ በኩንታል፣ የባንክ ሰነዱ በኪሎ። ከተቀሸረ በኋላ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወገዳል፤ ትክክለኛው መጠን ግን እንደ ቡናው ይለያያል። እርጥበትም አለ። በ14 በመቶ እርጥበት 1,000 ኪሎ የተቀሸረ ቡና መጋዘን አስገብቶ እስከ 11.5 በመቶ አደረቀው እንበል። ደረቁ አካል 860 ኪሎ ነው። ይህ ከአዲሱ ክብደት 88.5 በመቶ ስለሚሆን፣ ሚዛኑ አሁን 972 ኪሎ ገደማ ያሳያል። 28 ኪሎ፣ ከአንድ ተኩል ፈረሱላ በላይ፣ ማንም ሳይነካው ሄዷል። ደብተሩ ላይ የርክክብ ዕለት እርጥበት ካልተጻፈ ያቺ ልዩነት የምትወድቀው በመጋዘን ሠራተኛው ስም ነው። በየከተማው ባለመጋዘንና ሠራተኛ ከሚጣሉባቸው ጉዳዮች ስንቱ እንዲህ ያለ የሒሳብ ጉዳይ እንደሆነ መገመት አይከብድም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ እውነተኛ ቅሸባ በ«ደርቆ ነው» ሰበብ ይሸፈናል። የ28 ኪሎውን ተፈጥሯዊ መጉደልና የ60 ኪሎውን ስርቆት ለይቶ የሚነግር ሥርዓት ዋጋውን በአንድ ወቅት ይመልሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግን ውድ ሶፍትዌር አይደለም፤ በር ላይ የሚቀመጥ አንድ የእርጥበት መለኪያና ውጤቱን ሳይጽፍ እንዳያልፍ የሚያስገድድ አንድ ቅጽ ነው።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰብሳቢ በቁቤ በአንድ መልክ፣ በአማርኛ ደረሰኝ ላይ በሌላ፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስተኛ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል፤ ከነቅድሚያ ክፍያው። ስለዚህ መለያው ስም ሳይሆን የስልክ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ይሁን። የመጋዘን ሠራተኛው የሚያየው ገጽም በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ከኢአርፒ በፊት ቁጥር የሚያስገባው ሒሳብ ሹሙ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ዘንድ የቆመው ሰው ነው። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሒሳብ ሹም በየከተማው አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን የወሩን ወይም የዓመቱን ደረሰኝ ሰብስቦ ከኋላ ማስገባት ነው። ኢአርፒን እንደ ትልቅ ፒችትሪ ያየ ባለሀብት ገንዘቡን ያባክናል።

ስለ ሥራ ሂደት ስናወራ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለንም። የመንግሥት ንብረት ክፍል ያየ ሰው ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 እንደሚሠራ ያውቃል፤ ያ ራሱ በወረቀት የተሠራ ንድፍ ነው፣ ጠንካራም ንድፍ ነው። ቢፒአር የሚባለው የሥራ ሂደት ለውጥ የመጣ ጊዜ ደግሞ አገሩ ሁሉ «ከዜሮ መነሣት» ይል ነበር። የሐሳቡ አባት ማይክል ሐመር በ1990 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ያስጠነቀቀው፣ አሮጌውን አሠራር እንዳለ ኮምፒውተር ላይ እንዳንጭነው ነበር። እኛ ዘንድ በብዙ ቢሮ የቀረው «የሥራ ሂደት መሪ» የሚለው የበር ላይ ጽሑፍ ነው። (በሩ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል።)

ስህተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ሱፐርማርኬት ሊድል ሰባት ዓመት ከሳፕ ጋር ሲሠራ ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱን ጣለው፤ የጀርመን ጋዜጦች ወጪውን ግማሽ ቢሊዮን ዩሮ ያህል አድርሰውታል። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሚገርም ነው። ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በግዥ ዋጋ ነው፣ የሶፍትዌሩ መደበኛ አሠራር በመሸጫ ዋጋ። ድርጅቱ ልማዱን አልለውጥም አለ፤ ሶፍትዌሩን በልማዱ ልክ መቁረጥ ሲጀመር ደግሞ መጨረሻ አጣ። ያ ጥያቄ ከመጀመሪያው ውል በፊት በአንድ ገጽ ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

አሁን ማንም ሻጭ የማያነሣውን ነገር ላንሣ። ኢአርፒ የሚሠራው አንድ መዝገብ ሲኖር ነው። ብዙ ነጋዴ ደግሞ ሦስት መዝገብ አለው፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ብድር ሲጠይቅ ለባንክ። ዋጋው ውድ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ሠራተኛ የለም የሚለው ሰበብ ሁሉ እውነትነት አለው፤ ከሥሩ ያለው ፍርሃት ግን ይህ ይመስለኛል። ሰው በአደባባይ ስለማይናገረው የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ አይሰማም። ስለ ግብር ሥነ ምግባር ልሰብክ አልመጣሁም፤ የሒሳብ ነገር ብቻ ላስታውስ። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በመጋዘን ያለ ሸቀጥና የመጋዘን ደረሰኝ ለብድር መያዣ መሆን ይችላሉ። ቤቱን ሁሌም ለባንክ እያስያዘ ቡና ለሚገዛ አቅራቢ ይህ ትልቅ በር ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ክምችቱ በየዕለቱ ሊረጋገጥ ሲችል ነው። ሦስት መዝገብ መያዝ ምን ያህል ግብር እንደሚያስቀር ነጋዴው ያውቀዋል፤ ምን ያህል ብድር እንደሚያስቀርበት ግን አስልቶ አያውቅም።

በክፍያው በኩልም አንድ መዝገብ አለመኖሩ ዋጋ ያስከፍላል። ትዕዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፣ ክፍያው በስክሪንሾት ይረጋገጣል፣ ዕቃው ይወጣል። በሐሰተኛ ስክሪንሾት ስንት ሱቅ እንደተታለለ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ትዕዛዙ የራሱ ቁጥር ቢኖረውና ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ የመጋዘን መውጫ አይወጣም ቢባል ነገሩ በአብዛኛው ያበቃል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢአርፒም አያስፈልግም፤ የማይጣስ አንድ ደንብ ይበቃል።

ኔትወርክን ግን ሰበብ ብዬ ብቻ አላልፈውም። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጋ። መዝገቡን ሙሉ በሙሉ በደመና ላይ አስቀምጦ ሌላ መውጫ ያላሰበ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱን ክምችት ማየት ያቅተዋል። ስለዚህ ለነቀምት የሚነደፍ ሥርዓት መብራትም ኔትወርክም ሳይኖር መመዝገብ መቻል አለበት፤ መስመሩ ሲመለስ ያኔ ይላክ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ መኪና ላይ የቀረው ቡና መጋዘን ውስጥም ገዢው ዘንድም የለም፤ «በጉዞ ላይ» የሚል የራሱ ቦታ መዝገቡ ላይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚነድፍ ባለሙያ ይህን እንደ ልዩ ሁኔታ ያየዋል። ጊምቢ ላይ ግን መደበኛው ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን? የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ እየቀረበ ስለሆነ። ደንቡ ወደ ኅብረቱ የሚገባው ቡና ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለዚህም የማሳው መገኛ ነጥብ፣ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነው ደግሞ ሙሉ ወሰኑ መመዝገብ አለበት። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትላልቆቹ አስመጪዎች እስከ 2026 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ተሰጥቷቸዋል። የወለጋ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ስለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ በአንድ ስልክ በደቂቃ የሚወሰድ ነጥብ ነው። የሚከብደው ነጥቡን እስከ ጆንያው ማድረስ ነው። ጀንፈሉ ሰብሳቢው ቤት ሲደባለቅ የሃያ ገበሬ ነጥብ አብሮ ይደባለቃል፤ ከሃያው አንዱ የማይታወቅ ከሆነ ጭነቱ ሁሉ ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ሚዛን አሁን የአቅራቢው መጋዘን በር ላይ አይደለም፤ ወደ ሰብሳቢው ደጃፍ ወርዷል።

እዚህ ላይ አቅራቢው የሚያነሣው ስጋት አለ፤ ስጋቱም ትክክል ነው። የእርሱ ሀብት መጋዘኑና መኪናው ብቻ አይደለም፤ የትኛው ገበሬ ጥሩ ቡና እንዳለው፣ የትኛው ሰብሳቢ እንደሚታመን ለዓመታት ያጠራቀመው ዕውቀት ነው። የላኪው ሥርዓት ውስጥ የገበሬዎቹን ስም፣ ስልክና የማሳ ነጥብ ሲያስገባ ያንን ዕውቀት አስረከበ ማለት ነው። በ2009ኙ አዋጅ የቀጥታ ትስስር ስለተፈቀደ ደግሞ በከርሞው ላኪው እርሱን ዘልሎ መሄድ ይችላል። ሥርዓቱን የሚያቀርቡት ላኪዎችና ልማት ድርጅቶች ይህን ጥያቄ በዝምታ ያልፉታል፤ አቅራቢውም ዝርዝሩን ግማሹን ደብቆ ግማሹን ይሰጣል፣ መዝገቡም ከመነሻው ይበላሻል። መፍትሔው ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል በሚፈረመው ውል ውስጥ ነው። ዝርዝሩ የማን እንደሆነ፣ ላኪው ለማረጋገጫ ብቻ ወይስ ለግዥም ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ውሉ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን፣ ገበሬውም መስማማቱ በምን እንደሚታወቅ በግልጽ ይጻፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለመጨረሻው ጥያቄ መነሻ ይሰጣል። ለሌሎቹ የሚሆን ናሙና ውል የንግድ ምክር ቤቶችና የኦሮሚያው የቡና ዩኒየን አዘጋጅተው ከመጪው የቡና መልቀም ወቅት በፊት በነቀምትና በጊምቢ ሊያሠራጩት ይችላሉ፤ ከሁለት ገጽ የሚበልጥ አይመስለኝም።