ኦሞ ሲሞላም ሲጎድልም፡ የአደጋ ዝግጅት በአቅም ሲመዘን

በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ዱስ የካራ ብሔረሰብ መንደር ናት። የካራ ሕዝብ ለዘመናት ያረሰው የወንዙን ሙላት ተከትሎ ነው። ክረምት ላይ በደጋው የጣለው ዝናብ ኦሞን ይሞላዋል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል። ሌላው ጎርፍ ብሎ የሚፈራው ሙላት ለዱስ አርሶ አደር የማሳ አዘጋጅ ነበር።

ወንዙ ግን አደጋም ያመጣል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከልክ ያለፈው ሙላት ከዱስ በታች በዳሰነች አካባቢ የ364 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 የኃይል ማመንጫ ግድብ ሲመረቅ ደግሞ የወንዙ ፍሰት መልክ ተለወጠ፤ አርሶ አደሩ የሚጠብቀው ዓመታዊ ሙላትም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡባዊው የሀገራችን ክፍል ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲጠፋ፣ በእነዚያው ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ከፍታ መጨመርና የኦሞ ሙላት የዳሰነችን ነዋሪዎች ከቀያቸው አፈናቅለዋል። በአንድ ወንዝ ዳር ድርቅና ጎርፍ ተያይዘው መጡ ማለት ነው።

ታዲያ ወረዳው የሚዘጋጀው ለየትኛው ነው? ለድርቅ አንድ፣ ለጎርፍ ሌላ፣ ለእንስሳት በሽታ ደግሞ ሦስተኛ ዕቅድ ማውጣት የተለመደ ነው። በአቅም ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ግን ከሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ «ምን ይመጣል?» ብቻ ሳይሆን «የመጣው ምንም ይሁን ምን ማድረግ የምንችለው ምንድን ነው?» ይላል። አስተሳሰቡ ከመከላከያ ዕቅድ የመነጨ ሲሆን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ካደረሰባት ጉዳት በኋላ ለሀገራዊ የአደጋ ዝግጅቷ በስፋት ተጠቅማበታለች።

ይህ አሠራር ወደ ዱስ ሲመጣ ረቂቅ አይደለም። ማስጠንቀቂያ መስጠት አንዱ አቅም ነው፤ የግድቡ የውኃ አለቃቀቅ መረጃ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በማን በኩል፣ በካራ ቋንቋ ለነዋሪው ይደርሳል? ሰውንና ፍየልን ወደ ከፍታ ቦታ ማሻገር ሌላው ነው፤ ጀልባው ስንት ነው፣ ቀዛፊውስ ማን ነው? ከጂንካ በቱርሚ በኩል የሚመጣው መንገድ በደራሽ ወንዝ ቢቆረጥ እህልና መድኃኒት አስቀድሞ የት ይከማቻል? ማሽላው በውኃ ቢወሰድ ወይም በድርቅ ቢቀር ለቀጣዩ ወቅት የሚዘራው ዘርስ ከወዴት ይገኛል? ማስጠንቀቂያው፣ መጋዘኑና ዘሩ ለድርቅም ለጎርፍም ያገለግላሉ። ውስን በጀት ላለው ወረዳ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው ሀገር አቀፍ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ትኩረቱን አደጋ ሲደርስ እርዳታ ከማደል ወደ ሥጋት ቅነሳ አዙሯል። በወረዳ ደረጃ የሥጋት ገጽታ ጥናት የማካሄድ ሥራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሆኖም የሥጋቱን ዓይነት ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚፈለገውን አቅም ካለው ጋር አስተያይቶ ጉድለቱን መለየት፣ ጉድለቱን የሚሞላ ባለቤት መሰየም፣ ከዚያም በልምምድ መፈተን ነው። በመዝገብ ላይ ያለ ጀልባ ሞተሩ ካልተነሳ ሰው አያሻግርም።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ነዋሪዎቹ ናቸው። ወንዙ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ የትኛው ጉብታ በሙላት እንደማይዋጥ የካራ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይህን እውቀት ከወረዳው መረጃ ጋር አገናኝቶ ከክረምቱ በፊት የአቅም ዝርዝሩን መሙላት ይችላል። የዕቅዱ መለኪያም የተከፋፈለው ኩንታል ብዛት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ማስጠንቀቂያው ስንት ቤት በሰዓቱ እንደደረሰና በቀጣዩ ወቅት ስንት አርሶ አደር ዘር እንደዘራም ይቆጠር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።