ሰማያዊው ክዳን፦ ሞተሩ ደህና ሆኖ መኪናው አልነሳም ሲል

በዚህ ዕትማችን ስለ መኪና እናወራለን። «እኛ መኪና የለን፣ ምን ይመለከተናል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን ሌሊት ምጥ የመጣባት እህት ስትኖር፣ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው፣ የውሃ ቦቴ ሲዘገይ ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው መንገዱ ላይ ነው። መኪናው ቢቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

እስቲ ሶሎሎን እንውሰድ። ሶሎሎ ከሞያሌ በስተምዕራብ፣ ከድንበሩ አጠገብ ያለች የኬንያ ትንሽ ከተማ ናት። ለእኛ ለስደተኞች ስሟ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ብዙ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት የዋልዳ ካምፕ በዚያው አካባቢ ነበር። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. (2018 እ.ኤ.አ.) ሞያሌ ላይ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ድንበር ከተሻገሩት ወገኖቻችንም ከፊሎቹ ሶሎሎ አካባቢ ሰፍረው ነበር። በከተማዋ የሚሲዮን ሆስፒታል አለ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ጉዞው ቀሏል። የዘመናዊ መኪና መለዋወጫ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከናይሮቢ ነው፤ ያ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ታዲያ በዚህ መንገድ ላይ አዲስ ዓይነት ብልሽት መጥቷል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ናፍጣው ሙሉ ነው፣ ባትሪው ደህና ነው። ዳሽቦርዱ ግን «ከዚህ በኋላ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብቻ» ብሎ ወደ ታች ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ታንክ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሴንሰር ነው።

ሰማያዊው ክዳን ምንድነው?

አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ሁለት መሙያ አላቸው። አንዱ የናፍጣ ነው። ሌላው፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ አድብሉ የሚባለው ፈሳሽ የሚገባበት ነው፤ አሜሪካኖች ዴፍ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው 67.5 በመቶ እጅግ የተጣራ ውሃ። አዎ፣ ገበሬው ከዳፕ ጋር አድርጎ የሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ ይኼኛው ግን በጣም የጠራው ዓይነት ነው።

ፈሳሹ ከሞተሩ ጋር አይቃጠልም። ወደ ጭስ መውጫው፣ ወደ ማርሚታው መስመር ይረጫል። በጭሱ ሙቀት ወደ አሞኒያ ይለወጥና ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ እንፋሎት ይቀይረዋል። በጃፓን ኒሳን ዲዝል «ኩዎን» በተባለው ከባድ መኪናው ላይ ይህን ዘዴ የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ወደ ትንንሽ መኪኖችም ወረደ። ከ2015 ጀምሮ በጃፓን የተሸጠው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ፕራዶ ይኸው ታንክ አለው። ኬንያ ከ8 ዓመት ያልበለጡ ያገለገሉ መኪኖችን ስለምታስገባ እነዚህ መኪኖች እኛ ያለንበት ድረስ ደርሰዋል። የድሮው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ግን ይህ ነገር የለውም፤ ሰማያዊ ክዳን ከሌለ ይህ ችግርም የለም።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

ታንኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ፈሳሹ ምን ያህል አለ? ሙቀቱ ስንት ነው? በብዙዎቹ ላይ ደግሞ፣ ፈሳሹ ትክክለኛ ነው ወይስ የተበረዘ? አንዳንዱ ሴንሰር እንደ ሌሊት ወፍ ድምፅ ልኮ ሲመለስ ይለካል። ሌላው የሚንሳፈፍ ኳስ አለው። ኮምፒውተሩ መልስ ካላገኘ፣ ወይም መልሱ ካላሳመነው፣ ታንኩ ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ቆጣሪውን ይጀምራል። ታንኩ ግን ጢም ብሎ ሊሆን ይችላል!

ይህ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሲጠፋ አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሴንሰሮች አልቀው ጤነኛ ከባድ መኪኖች ቆመው ነበር። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ መኪኖች በድንገት ጉልበት እንዳያጡ አምራቾች ሶፍትዌራቸውን እንዲያሻሽሉ የሚጠይቅ መመሪያ አውጥቷል። ፈሳሹ ራሱ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ቻይና የዩሪያ ሽያጭ በማጥበቋ ደቡብ ኮሪያ ተጨንቃ፣ 27,000 ሊትር ለማምጣት የጦር አውሮፕላን ወደ አውስትራሊያ ልካ ነበር።

በቅደም ተከተል እንመርምር

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይሸጥም፤ ከፓምፑ ወይም ከነታንኩ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውድ ነው። «ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ከመባሉ በፊት ርካሹን መጀመሪያ ማየት ይገባል።

1. እውነት ጎድሎ እንደሆነ ማየት። አንዳንድ መኪና ጥቂት ሊትር ብቻ ሲጨመርለት አይቆጥረውም። በደንብ ሞልቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያም ጥቂት መንዳት ነው። አንዳንዴ በዚሁ ያልቃል።

2. ፈሳሹን መመርመር። ትንሽ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማየት። ጥሩው እንደ ውሃ የጠራ ነው። ላዩ ላይ ዘይት የሚመስል ካለ ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። ሪፍራክቶሜትር የሚባል፣ አንድ ጠብታ ተደርጎበት በዓይን የሚታይ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለአድብሉ የተሠራው 32.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ካነሰ ውሃ ገብቶበታል። ከበዛ ውሃው ተንኖበታል፤ በቆላ ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ይህ ይደርሳል። እንግዲህ ጥፋቱ የፈሳሹ ከሆነ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ነው ማለት ነው።

3. ፊውዝ፣ ሽቦና ሶኬት። አድብሉ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይሆናል፤ ሶኬት ውስጥ ከገባ መዳቡን ይበላዋል። ሶኬቱን ነቅሎ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር መኖሩን ማየት፣ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ። ከዚያ በቴስተር ኃይል መድረሱን መለካት፤ እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት ነው። ኔጌቲቩንም አትርሱ። በኮረኮንች የሚሄድ መኪና ሥር የተፈተገ ሽቦ ብርቅ አይደለም።

4. በስካነር ኮዱን ማንበብ። ፒ203ኤፍ ካለ «ፈሳሹ አንሷል» ነው። ፒ203ኤ የመጠን ሴንሰሩን የኤሌክትሪክ መስመር ይመለከታል። ፒ207ኤፍ ደግሞ የፈሳሹን ጥራት። ኮድ የሚጠቁመው አቅጣጫ ነው እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይደለም። ኮዱን ከማጥፋት በፊት በወረቀት ጻፉት።

5. ማውጣትና ማጠብ። እስከዚህ ካልተገኘ ታንኩ ወርዶ ክፍሉ ይወጣል። የተጋገረ ነጭ ጨው ካለ በለብ ያለ የተጣራ ውሃ ይዘፈዘፋል። በቢላ ወይም በካቻቢቴ መፋቅ፣ በቤንዚን ማጠብ አይገባም። የሚንሳፈፈው ኳስ በጨው ተይዞ ከነበረ ሊላቀቅ ይችላል።

6. መለወጥ። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ ሴንሰሩ ይለወጣል። የክፍሉ ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። በብዙ መኪኖች አዲሱ በስካነር ካልተመዘገበና ቆጣሪው ካልተመለሰ መኪናው አይቀበለውም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ስካነር ያለው መካኒክ መኖሩን አረጋግጡ፤ አለዚያ ዕቃው ተገዝቶ መኪናው እንደቆመ ይቀራል።

ሕመምተኛ ተጭኖ ቆጣሪው ዜሮ ቢደርስስ?

ይሄን ሁሉም ሹፌር ቢያውቀው ጥሩ ነው። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ እየሠራ ያለው ሞተር አይጠፋም። የሚከለከለው አንዴ ከጠፋ በኋላ እንደገና መነሳት ነው። በከባድ መኪኖች ደግሞ ጉልበቱና ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕመምተኛ ከተጫነ ሞተሩን ሳያጠፉ ሆስፒታል በር ድረስ መድረስ ነው፤ ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ ይታያል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ማስጠንቀቂያው ገና ሲበራ ማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሩቅ መንገድ የሚወጣ መኪና የታሸገ መጠባበቂያ አድብሉ ቢይዝ አይከብደውም።

አደራ የምንላቸው

ውሃ አትጨምሩ። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ጨውና ኖራ በማርሚታው መስመር ያለውን ውድ ማጣሪያ ይደፍነዋል። የማዳበሪያ ዩሪያ በጥብጦ መጨመርም ያው ነው፤ ለእርሻ የተሠራ እንጂ ለመኪና የተጣራ አይደለም። ለጥቂት ሽልንግ ብሎ ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ይሆናል።

በስህተት አድብሉ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ከገባ ሞተሩን አለማስነሳት ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም አለመክፈት ነው። ናፍጣ ሰማያዊው ክዳን ውስጥ ከገባም እንዲሁ። ተጎትቶ ይሂድና ይታጠብ።

«ሲስተሙን ቆርጠን እናጥፋው» የሚል መካኒክም ያጋጥማል። መኪናው ይሄድ ይሆናል። ጭሱ ግን ሳይጣራ ይወጣል፤ የሚተነፍሰው ደግሞ መንገድ ዳር የሚነግደውና የሚጫወተው ልጅ ነው። ፕሮግራሙ በደንብ ካልተሠራም ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላል።

እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉልን። አድብሉ ሲታይ ውሃ ነው የሚመስለው። በፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ባዶ ጀሪካኑንም ለመጠጥ ውሃ መቅጃ አታድርጉት። ልጅ ከጠጣ አፉን አጉመጥምጡት፣ ውሃ አጠጡት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ እጠቡ። ፈሳሹ ጥላ ቦታ ይቀመጥ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

በመጨረሻም ለወጣቶቻችን አንድ ቃል አለን። በካኩማ ዶን ቦስኮ ለዓመታት የአውቶ መካኒክ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከዚያና ከሌላም ቦታ የተማሩ ልጆች በመካከላችን አሉ። ሞተር መፍታት የሚችል ብዙ ነው። ቴስተር ይዞ ሽቦ በሽቦ የሚከታተል፣ ኮድ አንብቦ የሚያገናዝብ ግን ገና ጥቂት ነው፤ እንዲህ ዓይነት መኪና ደግሞ በየዓመቱ እየጨመረ ይመጣል። ይህን ጽሑፍ ለአንድ ሹፌር ወይም ለአንድ ተማሪ አንብቡለት። መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ያግባልን። ቸር ይግጠመን!