ሰባት ቤት በቃል፣ ሦስት ትውልድ በወረቀት፦ ስለ ቢጫ ካርድ የሚወራውና እውነታው

በዋግ ደጋ ለጋብቻ የሚፈላለጉ ቤተሰቦች መጀመሪያ ዘር ያስቆጥራሉ። ሽማግሌዎቹ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ፤ ወረቀት የሚያገላብጥ የለም። ስለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ማለትም ስለ ቢጫ ካርድ፣ የወጣው ሕግ የሚጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ እስከ ቅድመ አያት ብቻ። ግን እያንዳንዱን ስም ከነማኅተሙ ይፈልጋል። ከሰቆጣ፣ ከዳህና፣ ከዝቋላ ወይም ከጋዝጊብላ ወጥተው ውጭ አገር የከረሙ ሰዎችና ልጆቻቸው ካርዱን ሲያወጡም ሆነ ሲያሳድሱ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ዝምድናው አለ፣ ምስክሩም ሞልቷል፤ በአንዱ ስምና በሌላው መካከል ግን አንድ ወረቀት ይጎድላል።

በየሠርጉና በየማኅበሩ የሚታደለው ምክር ደግሞ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው። አንድ በአንድ እንለየው።

ተረት 1፦ «ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ሁለት ዜግነት አለው»

እውነታ፦ የለውም። ካርዱ የተመሠረተው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ሲሆን፣ አዋጁ ራሱ ባለካርዱን የሚጠራው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ አገር ዜጋ» ብሎ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል።

ካርዱ የሚሰጠው መብት ቀላል አይደለም። ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት፣ በኢንቨስትመንት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ያስቀመጠው ክልከላም ባለካርዱን አይመለከተውም። የማይሰጠውም ግልጽ ነው። ባለካርድ አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ ተቋማት በቋሚነት አይቀጠርም። በባንክ አክሲዮን መግዛት እንኳ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደው አዋጅ 1159/2011 ከወጣ በኋላ ነው።

ሌላም መደናገር አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ደብተርም «ቢጫ ካርድ» ይባላል። «ቢጫ ካርድ አዘጋጁ» ሲባሉ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ክትባት ለመከተብ የሚሮጡ አሉ።

ተረት 2፦ «የሚሰጠው ራሱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ፣ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ነው»

እውነታ፦ አዋጁ ሁለት በር ከፍቷል። አንደኛው የውጭ ዜግነት ከመውሰዱ በፊት ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ነው። አባትን ከእናት አያበላልጥም። ዜግነት በእናትም እንደሚተላለፍ የተደነገገው ገና በ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6ም ይህንኑ ያጸናል። ስለዚህ እናቷ የሰቆጣ፣ አባቷ የስዊድን ሰው የሆነ ልጅ በእናቷ በኩል ማመልከት ትችላለች። ከዚህ ውጭ የተደረገ አንድ ወገን አለ፦ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የያዘ ሰው በአዋጁ ትርጉም ውስጥ አይገባም።

ተረት 3፦ «የዲ.ኤን.ኤ. ውጤት ካለ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል?»

እውነታ፦ ምርመራው የሚናገረው ስለ ሥጋ ዝምድና ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ከዘመዶችህ አንዱ የኢትዮጵያ ዜጋ ነበር ወይ ብሎ ነው። ይህን የሚመልሰው ፓስፖርት፣ መታወቂያና የልደት መዝገብ ነው።

ይህ ጉዳይ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆችን በተለይ ይመለከታል። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪቀር ድረስ ብዙ ሕፃናት ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ራሳቸው ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ በአንደኛው በር ነው የሚገቡት። ቁልፍ ሰነዳቸው የጉዲፈቻው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ የድሮውን ስምና የአዲሱን ቤተሰብ ስም በአንድ ገጽ የሚያገናኝ ከሱ የተሻለ ወረቀት የለም። ልጁ የወጣበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀላል።

ተረት 4፦ «ዋግ ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ወረቀት የለውም፤ እንግዲህ አይሆንለትም»

እውነታ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ለብዙዎች እውነት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ሰው ልደቱ የሚታወሰው በድርቅ፣ በጦርነት ወይም በበዓል ነው። በዚያ ላይ የዋግ ሕዝብ ብዙ ተንቀሳቅሷል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ሰው ወደ ኮረም መጠለያ ሄዷል፤ ከወሎም በሠፈራ ወደ ጋምቤላ፣ ወለጋና ፓዊ የተወሰደ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ የመንግሥት ቢሮዎች ተጎድተዋል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ልክ አይደለም። ከምዝገባው ሥርዓት በፊት የተወለደ ሰው ማስረጃ አቅርቦ በክብር መዝገብ ሹሙ ዘንድ ሊመዘገብ ይችላል። ሰቆጣ ያለችው እናት የራሷን ልደት አስመዝግባ ምስክር ወረቀት ብታወጣ፣ ለውጭው ልጇ አንዱ የሰንሰለት ቀለበት ተገኘ ማለት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን የአባት ወይም የእናት የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ዜግነትን በቀጥታ ይናገራልና። «አገልግሎቱ አልፏል» ብሎ የጣለ ሰው ትልቁን ማስረጃ ነው የጣለው። ከሱ ቀጥሎ የቆየ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የወራሽነት የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የአያት ስም ያለበት የመሬት ይዞታ ደብተር ስሞቹን ለማያያዝ ይረዳሉ።

ተረት 5፦ «የክርስትና ወረቀት ካለ በቂ ነው»

እውነታ፦ ደጋፊ ነው፤ ብቻውን አይቆምም። ዋና ችግሩ ስሙ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ፣ ፓስፖርቱ ላይ ካለው የዓለም ስም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሁለቱንም ስሞች እንዲጠቅስ ማስደረግ ያስፈልጋል። ጥቅሙ የሚጎላው ልደትን በመንግሥት መዝገብ ለማስመዝገብ ሲቀርብ ነው። ዜግነትን ግን ቤተ ክርስቲያን አትመሰክርም።

ተረት 6፦ «ስሙ ትንሽ ቢለያይም ያው ሰው መሆኑ ይታወቃል»

እውነታ፦ ለሚያውቅህ ሰው ይታወቃል፤ ከመስኮቱ ኋላ ለተቀመጠው ሠራተኛ አይታወቅም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አባት ግርማ ተስፋዬ ካሳ ይባላል። አሜሪካ ሲገባ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የአያቱ ስም ካሳ ተጻፈ። ልጁ ስትወለድ ሳራ ካሳ ተባለች። አዲስ አበባ ላይ ፋይሏን የሚያይ ሰው በአገሩ ልማድ «ካሳ አባቷ ነው» ብሎ ያነባል፤ የቀረበው ፓስፖርት ደግሞ የግርማ ነው። ይህን የሚፈታው የአባትን ሙሉ ስም ከነአያቱ የያዘው የውጭው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አጭሩን ሳይሆን የወላጆች ስም የተዘረዘረበትን ረጅሙን ቅጂ ያምጡ።

እናት ካገባች በኋላ የባሏን ስም ወስዳ ከሆነ፣ በድሮው ፓስፖርቷና በአዲሱ መካከል የጋብቻ ምስክር ወረቀት መግባት አለበት። ስም በፍርድ ቤት የተለወጠ ከሆነ ውሳኔው ይቅረብ። ወልደ ገብርኤል አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ ከተጻፈ፣ ወይም የሰቆጣ «ቆ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ጋ በ«ኬ»፣ ሌላው ጋ በ«ኪው» ከሰፈረ፣ ሠራተኛው ከመጠየቁ በፊት ማብራሪያ ይዘው ይቅረቡ።

የትውልድ ቦታም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን ፓስፖርት ያወጣ ሰው «ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ዋግ አውራጃ» ብሎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከሰቆጣ የሚወጣው ወረቀት አማራ ክልል፣ ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ይላል። ቦታው አንድ ነው፤ የተለወጠው አስተዳደሩ ነው። ይህ ስሕተት ስላልሆነ የድሮውን ወረቀት ለማስቀየር መድከም አያስፈልግም። ማስረዳት ግን ያስፈልጋል።

ተረት 7፦ «የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት ስምንት መደመር ነው»

እውነታ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ስምንት። ጥቅምት 12 ቀን 1965 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1972 ነው የተወለደው። በግምት ስምንት የደመረ ተርጓሚ 1973 ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ሰው በሁለት ልደት ይዞራል። ትርጉም ቤት የሰጠዎትን ወረቀት ከመውሰድዎ በፊት ቀኑን ራስዎ ደምረው ይዩት።

ተረት 8፦ «ወረቀቱን ኖታሪ ካስደረግኩ አለቀ»

እውነታ፦ የውጭ አገር ሰነድ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀባይነት የሚያገኘው በተራ ነው። መጀመሪያ የወጣበት አገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያትምበታል፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጸድቀዋል። የሰፈር ኖታሪ ማኅተም መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሰቆጣ ያለ ወንድም እንዲጨርስ የሚሰጥ ውክልናም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ከዚያም ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይቀርባል። ውክልናው ላይ ምን ምን ማስረጃ እንዲያወጣ እንደተፈቀደለት በዝርዝር ይጻፍ። ጠቅላላ ቃል ብቻ ያለበትን ውክልና ይዞ ከሰቆጣ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው የአውቶቡሱን ዋጋ ያውቀዋል።

ተረት 9፦ «እድሳት ማለት ክፍያ ብቻ ነው፤ ደግሞም አመልክቼ ከሆነ ቪዛ አይጠየቅም»

እውነታ፦ ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ያለ ቪዛ የሚያስገባውም በጊዜው ላይ ሲሆን ነው። ሲታደስ ዋናው ካርድ፣ የጸና የውጭ ፓስፖርትና ፎቶግራፍ ይቀርባል። ካርዱ ከወጣ ወዲህ የፓስፖርት ቁጥር ወይም ስም ከተለወጠ አሮጌውን ፓስፖርትና የለውጡን ሰነድ ጨምሮ መያዝ ይገባል። ጉዳዩን የሚያየው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ ውጭ ላለ ሰው ደግሞ ኤምባሲው ነው። ክፍያውና ቅጹ በየጊዜው ስለሚለወጡ ከዘመድ ሳይሆን ከእነሱ ይጠይቁ።

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ እዚያው ለማመልከት ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ኢቪዛው የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። ማመልከቻ ማስገባት ቀኑን አያቆመውም፤ ያለፈበት ሰው ቅጣት ይከፍላል። ካርዱ ካልደረሰ ቪዛው ሳያልፍ ማራዘም ነው።

ተረት 10፦ «የሰቆጣ ቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ካለኝ ቢጫ ካርድ ምን ያደርግልኛል?»

እውነታ፦ የቀበሌ መታወቂያ የዜጋ ነው። የውጭ ዜግነት ከወሰዱ በኋላ በድሮው መገልገል መብት አይሰጥም፤ ጣጣ ግን ያመጣል። ፋይዳ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለነዋሪ የሚሰጥ የዲጂታል መታወቂያ ነው። ማን እንደሆኑ ይናገራል፤ ዜግነትዎን አያረጋግጥም። ሰቆጣ ላይ የሚገኘው የዘር ሰንሰለቱ ማስረጃ ነው። ቢጫ ካርዱ ራሱ ግን የፌዴራል ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር?

አንድ ወረቀት ላይ ከራስዎ እስከ ኢትዮጵያዊው ዘመድዎ ያሉትን ስሞች ከላይ ወደ ታች ይጻፉ። በሁለት ስሞች መካከል «ይህ የዚያ ልጅ ነው» የሚል የትኛው ሰነድ እንዳለ በጎኑ ያስፍሩ። ባዶ የቀረው ቦታ ሥራዎ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሩጫ ገንዘብ ማባከን ነው። ባዶው ቦታ በአያት በኩል ከሆነና አያት በሕይወት ካሉ፣ ይህ በዚህ ዓመት የሚሠራ ነው፦ ልደታቸውን ማስመዝገብ፣ የቀበሌ መታወቂያቸውን ማሳደስ፣ የልጆቻቸውን ሙሉ ስም በራሳቸው አንደበት ማስጻፍ። አርፈው ከሆነ ደግሞ ሞታቸው ተመዝግቦ የወራሽነት ውሳኔ መውጣቱን ሰቆጣ ያለውን ዘመድ ይጠይቁ። ያ ውሳኔ ልጆቻቸውን በስም ስለሚዘረዝር፣ ለቤቱ ክፍፍል ተብሎ የወጣው ወረቀት ለልጅ ልጅ ካርድም ይሠራል።