ገበያ በር ላይ የሚቀር ቁጥር

የመንዝ በግ ጆሮ አጭር ነው። ጥቂት የማይባሉት እንዲያውም ጆሯቸው ጉጥ ብቻ ስለሆነ የፕላስቲክ መለያ የሚያርፍበት ቦታ የላቸውም። ጆሮ ያለውም ቢሆን መለያው ወደ ጫፉ ከተበሳ ቁጥቋጦ ነጥቆ ይጥልበታል። ያ ፕላስቲክ ሲወድቅ የበጉ አባት፣ እናትና የክብደት ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

እረኛው በዚህ አይቸገርም፤ ዳለቻዋንም ቦቃውንም ከሩቅ ለይቶ ያውቃል። አውራ ለመምረጥ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ቀድሞ ይሸጣል፤ ለመንጋው አውራ ሆኖ የሚቀረው ገዢ ያላገኘው ነው። ዝርያውን ሲጎዳ የኖረው ይህ ልማድ ነው። መንግሥት ለዓመታት መፍትሔውን ከውጭ ዝርያ፣ ከኮሪዴልና ከአዋሲ ፈለገ። ድቅሎቹ ግን መልካቸው ከለመደው በግ ስለራቀበት ገበሬው በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ከኢካርዳና ከኢልሪ እንዲሁም ከአንድ የቪየና ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሐል ሜዳና በሞላሌ የጀመረው ሥራ የተለየ ነበር። ማሻሻያው የሚካሄደው በገበሬው በራሱ መንጋ ውስጥ ነው። በጎቹ ቁጥር ይደረግላቸዋል፤ መዝጋቢው ግልገሉ እንደተወለደ መዝኖ ከእናቱ ቁጥር ጋር ይጽፋል። ጠቦቶቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው እንደገና ይመዘናሉ። ከዚያም ገበሬዎቹ መዝገቡን ከላቱ፣ ከቀንዱና ከቀለሙ ጋር አመዛዝነው አውራውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በጋራም ይጠቀሙበታል። ከብቱን ማስቆጠር የማይወድ፣ ቆጠራ ሲባል ግብር የሚታሰበው ገበሬ ጆሮ የሚያስበሳው ቁጥሩ ተመልሶ እሱን ሲጠቅመው ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገር ደረጃ የተጀመረው የመለያ ሥርዓት ግን ዓይኑ ወደ ውጭ ገበያ ነው። ምክንያቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት ባሕረ ሰላጤው ለአፍሪካ ቀንድ እንስሳት በሩን ዘጋ፤ አርብቶ አደሩም ክፉኛ ተጎዳ። አውሮፓም ብሪታንያን እ.ኤ.አ. በ2001 ካናወጠው የአፍተግር ወረርሽኝ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2004 የበግና ፍየል መለያ ደንቡን ያወጣው።

የመንዝ በግ መንገድ ሌላ ነው። ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ የአዲስ አበባዎቹ የከብት ገበያዎች ካራና ሾላ ይደርሳል። በጆሮው ያለውን ቁጥር በመንገድ የሚጠይቅ የለም። በግና ፍየል የሚያጠቃውን ደስታ መሰል በሽታን እ.ኤ.አ. በ2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል፤ ካራ ላይ አንድ በግ ታሞ ቢገኝ ግን ከግሼ ይሁን ከመርሐቤቴ እንዴት ይታወቃል? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሽያጩ ደረሰኝና የእንስሳት ሐኪሙ ወረቀት ላይ የበጉ ቁጥር ይጻፍ፤ ጆሮ ለሌለው የአንገት መለያ ይዘጋጅ። ወጪውንም ገበሬው ብቻውን አይሸከም፤ ከበሽታው መጥፋት ነጋዴውም ከተሜውም ይጠቀማሉና።