ሆን ተብሎ የሚጨመር ጉድፍ፦ ብርሃንን የሚያጎሉ የመስታወት ክሮች

የፋይበር ኦፕቲክ ታሪክ በአመዛኙ የንጽሕና ታሪክ ነው። ቻርልስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1966 የብርሃኑ ብክነት በዋናነት የሚመነጨው በመስታወቱ ውስጥ ካለው ጉድፍ መሆኑን ካመለከተ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ብረትን የመሳሰሉ ባዕድ ነገሮችን ከሲሊካ ለማስወገድ ዓመታት ደከሙ። ዛሬ 1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በአንድ ኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ይቀንሳል። ሆኖም ቅናሹ ሲደማመር፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ ነው።

ቀድሞ የነበረው መፍትሔ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ካጎሉ በኋላ መልሶ ብርሃን ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፔይንና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካም የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች፣ በክሩ እምብርት ውስጥ ጥቂት ኤርቢየም በመጨመር ብርሃንን በብርሃን ማጉላት እንደሚቻል አሳዩ። ለዓመታት ሲጸዳ የኖረው መስታወት እንደገና ጉድፍ ተጨመረበት ማለት ነው!

አሠራሩ እንዲህ ነው። የ980 ናኖሜትር ሌዘር የኤርቢየም አይዮኖችን ያነቃቃል። አይዮኖቹም በፍጥነት ጥቂት ዝቅ ብለው 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚቆዩበት የኢነርጂ ደረጃ ላይ ያርፋሉ፤ ይህም በአተሞች ዓለም እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። መልእክት የያዘ ፎቶን ሲያልፍባቸው፣ ያካበቱትን ኢነርጂ እርሱኑ በሚመስል ሌላ ፎቶን መልክ ይለቃሉ።

የንድፉ ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያልተነቃቃ ኤርቢየም እንዲጎላ የተፈለገውን ብርሃን ራሱን ይውጣል። ስለዚህ ክሩ ከሚገባው በላይ ከረዘመ የሌዘሩ ኃይል መንገድ ላይ ያልቅና የክሩ ጫፍ የጎላውን ብርሃን መልሶ ያዳክማል። እምብርቱ እንዲጠብ የሚደረገውም የሌዘሩ ብርሃን ተጠጋግቶ አይዮኖቹን ሁሉ እንዲያዳርስ ነው። ኤርቢየሙን ማብዛትም አያዋጣም፤ ሲሊካ በቀላሉ ስለማያሟሟው አይዮኖቹ አንድ ላይ ይከማቹና ኢነርጂያቸውን እርስ በርስ ተለዋውጠው ያባክኑታል። አሉሚኒየም ሲታከልበት ግን ይበታተናሉ። ወደብ የሌላት አገራችን በጅቡቲ በኩል የምትገናኝባቸውን ጨምሮ፣ ረጃጅም የባሕር ሥር ኬብሎች የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነት ማጉያ ነው።

ፖላራይዜሽንን፣ ማለትም የብርሃን ሞገድ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ፣ ለመጠበቅም ተመሳሳይ ስልት አለ። በተራ ክር ውስጥ መጠነኛ መታጠፍ ወይም የሙቀት ለውጥ አቅጣጫውን ያዛባዋል። ፓንዳ በተባለው ክር ግን ቦሮን ያለባቸው ሁለት ዘንጎች በእምብርቱ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ክሩ ተስቦ ሲቀዘቅዝ ዘንጎቹ ከሲሊካው የበለጠ ስለሚኮማተሩ እምብርቱን ወደ ሁለት ጎን ይወጥሩታል። በዚህም ሁለቱ የርግብግቢት አቅጣጫዎች በተለያየ ፍጥነት ይጓዛሉ፤ በአንደኛው የገባ ብርሃን ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። መዞርን የሚለኩ የፋይበር ጋይሮስኮፖች የሚመኩት በዚህ ነው። ሁለቱን ንድፎች ያጣመረ፣ ኤርቢየምም ዘንጎችም ያሉት ክርም ተሠርቶ በሌዘሮች ውስጥ ያገለግላል።