ስንዴ ተጨምቆ አያንስም፦ ትልቅ ፋይል ስለ መላክ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ጥር በአሰላ የሠርግ ወር ነው፤ ፎቶ ቤቶች አያርፉም። ባለፈው የሠርግ ሰሞን የእህቴ ልጅ በሚሠራበት ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው አዲስ አበባ ያለችው የሙሽሪት እህት ናት። ሠርጉ ላይ መገኘት አልቻለችም፤ ፎቶውንም ቪዲዮውንም ዛሬውኑ ትፈልጋለች። «ችግር የለም እህቴ፣ ዚፕ አድርጌ እልክልሻለሁ» አላት። ፎልደሩ 6 ጊጋ ባይት ነበር። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ሲፈጭ ቆይቶ ሲጨርስ 5.9 ጊጋ ሆነ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ።

ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ይህን ነገር ግን ከጎረምሳ እስከ ቢሮ ኃላፊ ብዙ ሰው እንደ እሱ ሲያስበው ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

«ዚፕ የተደረገ ነገር ያንሳል»

የአርሲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከአጨዳ በኋላ ሜዳ ላይ የተበተነ ጭድ ጋሪ ሙሉ ይመስላል፤ ተጠቅጥቆ ሲታሰር ጥግ ላይ ይቀመጣል። ስንዴው ግን ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢረግጡትም ያው ጆንያ ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል የሚወጣ ባዶ ቦታ እምብዛም የለም። ፋይልም እንዲሁ ጭድ አለው፣ ስንዴም አለው።

ዚፕ የሚፈልገው ድግግሞሽን ነው። ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ሌምፔል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ዘዴ፣ አንድ ሐረግ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሐረጉን ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመለስና ይህን ያህል ፊደል ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት ይቀመጣል። ዴቪድ ሃፍማን በ1952 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ነገር አጭር ኮድ፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ኮድ ይሰጣል። አሜሪካዊው ፊል ካትዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዚፕ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ሁለቱን አጣምሮ ነው።

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ያለውን የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እናስብ። አንድ ተመራማሪ የብዙ ዓመት የዝናብና የስንዴ ምርት ሠንጠረዥ በተራ ጽሑፍ ቢይዝ፣ ያው የዝርያ ስም፣ ያው የማሳ ቁጥር፣ ያው ዜሮ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ዚፕ ሲያገኘው ከግማሽ በታች አድርጎ ያወርደዋል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ ያንሳል። ያው ተመራማሪ ዋግ የመታውን የስንዴ ቅጠል አንድ ሺህ ጊዜ ፎቶ ቢያነሳ ግን ዚፕ ምንም አይፈይድለትም። ምክንያቱም ካሜራው ፎቶውን ጄፔግ አድርጎ ሲያስቀምጥ መጭመቁን ራሱ ጨርሶታል፤ ዓይን የማያስተውለውንም ዝርዝር ጥሏል። ቪዲዮም እንደዚያው። የተረፈው ስንዴ ነው።

«የተሻለ ፕሮግራም ቢኖርስ?» የሚል አይጠፋም። ራር፣ ሰቨን-ዚፕ፣ ሁሉም ጽሑፍ ላይ ይበላለጣሉ፤ ፎቶ ላይ ግን ልዩነታቸው ከቁጥር አይገባም። ማንኛውንም ፋይል ሁልጊዜ የሚያሳንስ ፕሮግራም ቢኖር ኖሮ፣ ዚፑን ደግሞ ዚፕ እያደረግን የአንድን ሠርግ ቪዲዮ አንድ ፊደል ማድረስ በቻልን ነበር። ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ለዚህ ወሰን እንዳለው በሒሳብ አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲያ መቀነስ የሚቻለው አንድ ነገር ጥሎ ነው።

ለእኛ ደስ የሚለው አንድ ነገር ልጨምር። በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ነገር ግን ለተለመዱት ፊደሎቻችን ከሦስቱ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛውም ከጥቂት አማራጮች አያልፍም። ስለዚህ ተራ የአማርኛ ጽሑፍ ዚፕ ውስጥ ሲገባ እንደ ጭድ ይታሰራል።

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለአማካሪያቸው የሚልኩ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የዎርድ ፋይል ራሱ በውስጡ ዚፕ ነው። የኤክሴሉም፣ የአንድሮይድ መጫኛውም እንዲሁ። ዎርድን ዚፕ ማድረግ ጆንያን ጆንያ ውስጥ መክተት ነው። 80 ሜጋ የሆነ ጽሑፍ ከከበዳችሁ ክብደቱ ያለው የለጠፋችሁት ፎቶና በሙሉ ቀለም ስካን የተደረገው ገጽ ውስጥ ነው፤ ዎርድ ላይ ምስሎቹን የሚያሳንሰውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፣ ስካኑን በጥቁርና ነጭ ድገሙት።

«ዚፕ ጥራት ያበላሻል»

አያበላሽም። ከዚፕ የወጣ ፎቶ ከገባው ጋር እስከ መጨረሻዋ ባይት አንድ ነው። ጥራት የሚወርደው ቴሌግራም ላይ «እንደ ፎቶ» ሲላክ ነው፤ «እንደ ፋይል» ከተላከ እንዳለ ይደርሳል። ዚፕ ለፎቶ ያለው ጥቅምም ይህ ነው፤ ስምንት መቶ ነገር በአንድ ጆንያ፣ ስሙና ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ።

«4ጂ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ደግሞ ስንልክ የምንጠቀመው የመጫኛውን መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱ ከማውረጃው ይቀጥናል። የመጫኛ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ቢሆን፣ የልጁ 5.9 ጊጋ ያለ ምንም መቋረጥ ከሦስት ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ተቀባይዋ የራሷን የማውረጃ ጊዜ ትጀምራለች።

ይህን ስነግረው ልጁ በመስኮት ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ አየ። ልክ ነበር። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። 64 ጊጋ የሞላ ፍላሽ በአንድ ሚኒባስ ሹፌር ኪስ ውስጥ አራት ሰዓት ቢጓዝ፣ መቅጃውን ሳንቆጥር በሰከንድ 35 ሜጋ ቢት ማለት ነው። ፍላሽ በሹፌር መላክን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታየው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ከተለያዩ አህጉራት ቴሌስኮፖች የተሰበሰበ ነው፤ መረጃው እጅግ ብዙ ስለነበር ሳይንቲስቶቹ ሃርድ ዲስኮችን በአውሮፕላን ጭነው ነው ያሰባሰቡት። የደቡብ ዋልታው ዲስክ ክረምቱ እስኪያልፍ ወራት ጠብቋል።

ልጁ ፍላሽ ሰካ። ገና መቅዳት ሲጀምር «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት መጣ። ፍላሹ ባዶ፣ 32 ጊጋ! ይህም ብዙ ሰው «ፍላሹ ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚጥልበት ነገር ነው። ብዙ ፍላሾች ተዘጋጅተው የሚመጡበት ፋት-32 የሚባል የድሮ አደረጃጀት ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፤ ስንት ቦታ ቢኖረው። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ወይም ዚፑን መክፈል ነው መፍትሔው።

መክፈልን ካነሳን፣ ሰቨን-ዚፕም ዊንራርም አንድን ማህደር (የታሰረውን ዚፕ) በፈለግነው መጠን ቆራርጠው ቁጥር ይሰጡታል። ቴሌግራም ያለ ክፍያ አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፤ ነገር ግን መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ 2 ጊጋ ድረስ መሙላት ብልህነት አይደለም። ከ200 እስከ 500 ሜጋ የሆነ ቁራጭ ቢበላሽ ያቺኑ ብቻ ደግሞ መላክ ይቻላል። አንዳንዱ ተቀባይ «ሁለተኛው ብቻ ደርሶኛል፣ ግማሹን ልየው» ይላል። አይሆንም፤ የቁርጥራጭ ማህደር የአንድ በር ቁልፍ ተሰባብሮ እንደ ማለት ነው። ሁሉም ቁራጭ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ፣ ስሙ አይቀየር፣ የሚከፈተውም የመጀመሪያው ነው። ተቀባዩ ከፊሉን ቀድሞ እንዲያይ ከፈለጋችሁ ፎልደሩን ራሱን ለየብቻ ዚፕ አድርጉት፤ ኒካሁን ለብቻ፣ ቅልቅሉን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

የኢሜይሉ ተረት አጭር ነው። «25 ሜጋ ይወስዳል» የተባለ ኢሜይል በእርግጥ የሚወስደው 18 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ኢሜይል አባሪውን ወደ ፊደል ሲቀይረው ሦስቱ ባይት አራት ስለሚሆን።

«ፓስዎርድ አለው፣ ማንም አያየውም»

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የደመወዝ ዝርዝር፣ የፈተና ወረቀት፣ የሕመምተኛ ምስል በዚህ እምነት ይላካልና። አንደኛ፣ ተራ ዚፕ በይለፍ ቃል ሲቆለፍ ይዘቱን እንጂ የፋይሎቹን ስም አይደብቅም። ማህደሩን ያገኘ ሁሉ ያለ ምንም ቃል ከፍቶ ዝርዝሩን ያነባል፤ ፋይሉ በሰውዬው ስምና በበሽታው ከተሰየመ ምስጢሩ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ የቆየው የዚፕ መቆለፊያ ደካማ ነው፤ ኤሊ ቢሃምና ፖል ኮቸር ገና በ1994 እ.ኤ.አ. እንዴት እንደሚሰበር አሳይተዋል። ሰቨን-ዚፕ ላይ የማህደሩን ዓይነት ከዚፕ ይልቅ 7z አድርጎ፣ ኤኢኤስ-256ን መርጦ፣ የፋይል ስሞችንም ደብቅ የሚለውን ምልክት አድርጎ መቆለፍ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ፋይሉንና የይለፍ ቃሉን በአንድ ቴሌግራም መላክ ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ነው። ቃሉን ደውላችሁ ንገሩ። ስልክ ቁጥራችሁንና 1234ንም ተዉአቸው።

ስለ ቫይረስ ደግሞ፣ ዚፕ ውስጥ ያለ ነገር «ታስሯል» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በ2023 እ.ኤ.አ. በዊንራር ላይ የተገኘው ክፍተት ማህደሩ ውስጥ ያለን ፎቶ የሚመስል ፋይል የነካ ሰው ሳያውቅ ሌላ ፕሮግራም እንዲያስነሳ ያደርግ ነበር። ዊንራር ራሱን አያድስም፤ ከዓመታት በፊት ከጓደኛ ፍላሽ የተጫነ ካላችሁ ያ ክፍተት እስካሁን ክፍት ነው።

«ልኬዋለሁ፣ ደርሷል»

ቴሌግራም ላይ ሁለት የራይት ምልክት ሲታይ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የዓመታት ጽሑፌን ልኬ፣ የራሴን አጥፍቼ፣ ከሳምንት በኋላ «አይከፈትም» ተብያለሁ። እያንዳንዱ ዚፕ ውስጥ ሲአርሲ የሚባል መፈተሻ ቁጥር አለ፤ ሰቨን-ዚፕና ዊንራር ላይ «ቴስት» የሚለውን ብትጫኑ ሳይፈቱት ደህንነቱን ይነግራችኋል። ላኪ ከመላኩ በፊት፣ ተቀባይ እንደደረሰው ይህን ያድርጉ።

«ቴሌግራም ላይ ስላለ አይጠፋም» የሚለውም አብሮ ይታይ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር። ፋይላቸው እዚያ ብቻ የነበረ ሰዎች በዙሪያ መንገድ ካልሆነ አላገኙትም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቴክኒኩ ውጭ አለ። ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ያለው ሰው 2 ጊጋ ሲልክ ለእሱ ምንም ነው። ተቀባዩ በቆጂ ያለ ተማሪ ከሆነ ግን ያን ለማውረድ የራሱን ጥቅል ይገዛል፤ ተቋርጦ ቢደግመው ደግሞ ይገዛል። ከመላክ በፊት «ስንት ሜጋ ቀርቶሃል? ዋይፋይ ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ የጨዋ ሰው ወግ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛም የሙሽሪትን እህት ደውለን ጠየቅናት። ሥራ ቦታዋ ላይ ዋይፋይ አለ፣ እስከ ማታ ግን መታገሥ አልቻለችም። ልጁ አርባ ፎቶ መርጦ እንደ ፋይል ላከላት፤ ሰዓት ሳይሞላ እያለቀሰች ደወለች። ሁሉንም በሦስት ማህደር ከፍሎ፣ ቆልፎ፣ ቴስት አድርጎ በፍላሽ ለሚያውቀው ሹፌር ሰጠ። የካሜራውን ካርድ ግን ለቀጣዩ ሠርግ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ አስቆምኩት። ፎልደሩ ውስጥ 812 ፋይል እንዳለ ወረቀት ላይ ጻፈ፣ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስገባ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ «ስንት ይላል እህቴ?» አላት። «ስምንት መቶ አሥራ ሁለት» አለች። ካርዱን ያን ጊዜ አወጣው።