ቤት በነሐሴ ይታያል

በቡርጅ ሐሙድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ የሚነሣው ወግ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ሌላው በአገር ቤት ስለሚገዛ ቤት። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ብዙ ተናግረን ያመጣነው ለውጥ የለም። ስለ ቤቱ ግን በዚህች መጽሔት ለምንገናኛችሁ ተሳላሚዎችና ገዳማውያን አባቶቻችን የምንነግራችሁም የምንጠይቃችሁም አለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከጎጃምና ከጎንደር የወጣን ስለሆንን አሳባችን የሚያርፈው ጣና ዳር ነው፤ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ። በልጅነታችን በታንኳ ተሻግረን የተሳለምናቸው ገዳማት በቅርብ ባሉበት ስፍራ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ እርጅናን እዚያ መቀበል የብዙዎቻችን ስእለት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በወር 200 ዶላር የምታገኝ እኅት ግማሹን ለቤተሰብ ልካ ግማሹን ብታስቀምጥ በዓመት የሚተርፋት 1,200 ዶላር ነው። በዐሥር ዓመት 12,000 ይሆናል፤ ያውም ሳትታመም፣ ደመወዟም ሳይቀርባት። ዐሥር ዓመት ማለት ዐሥር ክረምት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዐሥር ክረምት የተለፋበትን ገንዘብ አንድም ክረምት ላልታየበት ቤት መስጠት አይገባም።

ወቅቱ በእኛና በሐይቁ መካከል የተገለበጠ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በቤይሩት ዝናም የሚጥለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚያ ወራት በቡርጅ ሐሙድ ጠባብ መንገዶች ውኃ ይተኛል፤ ምድር ቤት የተከራየን ሰዎች ምንጣፋችንን አልጋ ላይ አውጥተን በባልዲ እንቀዳለን። ሰኔ ገብቶ በአገራችን ነጎድጓድ ሲጀምር ግን በዚህ የሚታየው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ያጓራል፣ በእርጥበቱ ሌሊት እንቅልፍ የለም። እንግዲህ ደላላው በየካቲት በስልክ ቪዲዮ ሲልክልን እኛ በዝናም ውስጥ ተቀምጠን የምናየው ደረቅ መሬት፣ ጥርት ያለ ሰማይና አረንጓዴ ማሳ ነው። የራሰ ሰው ደረቅ ነገር ሁሉ ያምረዋል።

ተሳላሚዎችም ከዚህ ስሕተት የራቁ አይደሉም። ወደ ጣና ገዳማት አብዛኛው ሰው የሚመጣው በበጋ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል፣ ጥር 7 ለሥላሴ፣ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት። ጉዞውም በዚያ ጊዜ ይቀላል፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሐይቁ የተረጋጋ ነው። ተሳልሞ ሲወጣ ወደቡ ላይ ደላላ ይጠብቀዋል፤ በረከቱም መሬቱም በአንድ ቀን ይገኛሉ ይለዋል። ደላላው የሚዋሽ ላይሆን ይችላል። በየካቲት የሚታየውን ነው የሚያሳየው።

የሐይቁን ዓመት ከአባቶች በላይ የሚያውቅ የለምና እነርሱን ለማስተማር ሳይሆን ርቀን ላለነው ለማስታወስ እንጻፈው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከሰኔ ጀምረው ወደ ጣና ይሞላሉ። የሐይቁ ውኃ ግን ከዝናሙ ጋር እኩል አይደርስም፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ መስቀል ሲከበር ሐይቁ ገና ከፍ እያለ ነው፤ ከፍታው የሚጠናቀቀው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርድና በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ዳርቻው ገደል በሆነበት እንደ ዘጌ ባለ ስፍራ በርግጥም ትንሽ ነው። እንደ ፎገራና ደንቢያ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ግን አንድ ሜትር ተኩል ማለት ውኃው በመቶ የሚቆጠር ርምጃ ወደ ሰው ደጅ ይሄዳል ማለት ነው። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ውኃው የለቀቀውን መሬት ባሕር ሸሽ ብሎ ሰይሞ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ውኃው ሲመለስ እርሱ ይሸሻል። ቤት ግን አይሸሽም።

ከማኅበራችን አንዲት እኅት አለች፤ በዚህ አገር 14 ዓመት ኖራለች። የ11 ዓመት ቁጠባዋን ይዛ በአንድ የካቲት ቤት ገዛች። ወንድሟ ቪዲዮ ላከላት፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ግቢው በባሕር ዛፍ አጥር ታጥሯል፣ ከአጥሩ ማዶ ሽምብራ አብቧል፣ ሐይቁ በሩቅ እንደ ነጠላ ጥለት ያበራል። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ አየር የትም የለም» አላት። እኛም ቡና አፍልተን እንኳን ደስ ያለሽ አልናት። ሽምብራውን ሁላችንም አየነው፤ ሽምብራ በየካቲት በዚያ ስፍራ ስለ ምን እንዳበበ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። በመስከረም ውኃው መድረኩ ላይ ደረሰ። መሬቱ ዋልካ ስለነበር ውኃው ከሸሸ በኋላ ግድግዳው ከማዕዘኑ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ይባስ ብሎ በእጇ ያለው ወረቀት በሦስት ምስክሮች ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ብቻ ነበር። ቦታው የእርሻ መሬት ነው፣ ካርታ አይወጣለትም ተባለች። ለአንድ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገረችም፤ እኛም ያወቅነው ዕቁቧን መጣል ስታቆም ነው። ወንድሟ ሌባ አይደለም። ቤቱን በየካቲት አየ፣ በየካቲት ገዛ፤ ጥፋቱ ይህ ነው።

ሐይቁ በተለመደው መጠኑ ብቻ የሚኖር ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የጣና ከፍታ በዝናም ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም የሚወሰን ሆኗል፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃ የሚቀዳው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ከመውረዱ የተነሣ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዳርቻው ያለ ሰውም ውኃው የለቀቀውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ገብቶ አረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴና ጳጉሜን፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. ቦታ አይቶ የገዛ ሰው ያየውን ሐይቅና በ1998 ዓ.ም. የነበረውን ሐይቅ አንድ ናቸው ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ሻጩን «ውኃው እስከ የት ይደርሳል» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የት ደርሶ ነበር» ማለት ይገባል። መልሱን ከሻጩ ሳይሆን በዚያ መንደር ካረጀ ሰው ነው መስማት። ወይም ዐርባ ዓመት በዚያ ዳርቻ ሲመላለሱ ከኖሩ አንድ አባት።

ከውኃው ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። በአገራችን መሬት አይሸጥም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። ገዢ የሚያገኘው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው፤ በሊዝ ዐዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ የገበሬ መሬት ላይ በአንድ ሌሊት የቆመ፣ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው፣ ምንም ያህል ቢያምር ገዢው የሚይዘው ቆርቆሮና እንጨት ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት የሽማግሌዎቹን ክብር ያሳያል እንጂ ይህን አይተካም።

ውክልናን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ብዙዎቻችን በቆንስላ የምንሰጠው ውክልና «በእኔ ስም ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ሰፊ ቃል ነው፤ ያም ሆኖ ካርታው በመጨረሻ በወንድም ወይም በአጎት ስም ወጥቶ ይገኛል። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ቢሮ የቀረበው እርሱ ነው፣ መታወቂያውን የሰጠው እርሱ ነው። ወንድም ሲያገባ ወይም ሲሞት ግን ክርክሩ ከእርሱ ጋር መሆኑ ያበቃል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይሆናል። ስለዚህ ወኪሉ የሚገዛው በማን ስም እንደሆነ፣ ካርታው በማን ስም እንደሚወጣ፣ መሸጥና ማስያዝ እንደማይችል በውክልናው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ማለት ወንድምን መጠርጠር የሚመስላቸው አሉ። እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር።

እዚህ በእግራችን የምንረግጠው ሰፈር ራሱ ስለ ቤት መግዛት የሚናገረው አለው። ከ1907 ዓ.ም. (1915 እ.ኤ.አ.) እልቂት የተረፉት አርመኖች ወደ ቤይሩት ሲደርሱ ከወንዙ ማዶ ያለው ይህ ስፍራ ረግረግና እርሻ ነበር። የአንድ ከተማ ልጆች በማኅበር ተሰብስበው፣ ጥቂት በጥቂት አዋጥተው፣ ቦታውን ገዝተው ተካፈሉት፤ ሰፈሮቹንም በጠፋባቸው አገር ስም ኖር ማራሽ፣ ኖር ሲስ፣ ኖር አዳና አሏቸው። ኖር በቋንቋቸው አዲስ ማለት ነው። ቡርጅ ሐሙድ በ1952 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ሆነ። ርካሽ ስለነበር ረግረግ ገዙ፤ ዛሬ በባልዲ የምንቀዳው ውኃ ከዚያ ጊዜ የወረሱት ነው እያልን እንቀልዳለን። ነገር ግን በማኅበር ስለገዙ ብቻውን የተታለለ አልነበረም፤ የሚያየው፣ የሚጽፈውና የሚፈርመው ሰው ሌላ ሌላ ነበር። እኛ ዕቁብ እንጥላለን፣ ለሐዘን ዕድር አለን፤ ለቤት ግን እያንዳንዷ ብቻዋን፣ በምስጢር፣ በስልክ ትገዛለች።

ጥድፊያውን የሚያመጣው ፍርሃት መሆኑን አንክድም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ባንኮች ዶላር መስጠት አቆሙ፤ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ የነበረው ውሎ አድሮ 89,500 ደረሰ። ደመወዟን አሠሪዋ ዘንድ ያጠራቀመች ባዶ እጇን ቀረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ፈነዳ፤ የሰፈራችን መስኮትና በር ረገፈ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ በረታ፤ እስከ ኅዳር 18 ድረስ በየሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ እየሰማን አደርን። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡን ዛሬውኑ ወደ ድንጋይና ቆርቆሮ መለወጥ ቢሻ አይፈረድበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ሻጩም ይህን ያውቃል። ነገ ዋጋው ይጨምራል የሚል ደላላ ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ቢሆንም ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለው ስድስት ወር ነው፣ ዐሥር ዓመት የቆጠበ ሰው ስድስት ወር አይከብደውም።

እንግዲህ ወደ እናንተ እንመለስ። ለፍልሰታ ሱባኤ የምትገቡ ምእመናን ከነሐሴ 1 እስከ 16 በሐይቁ ዳር ትሰነብታላችሁ። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ጉዞው በየዓመቱ እንደማይሳካ እናውቃለን፤ የተሳካለት ግን በዐይኑ ምስክር ሊሆነን ይችላል። ሱባኤውን ሳይሆን ከሱባኤው በኋላ ያለውን ግማሽ ቀን ነው የምንለምነው። ግድግዳው ላይ የውኃ ልክ ይታይ እንደሆነ፣ በግቢው ዙሪያ ደንገልና ፊላ በቅሎ እንደሆነ፣ እግር በዋልካ ጭቃ እስከ የት እንደሚሰምጥ፣ መኪና ከዋናው መንገድ እስከ በሩ መድረስ ይችል እንደሆነ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ የተንሰራፋው እምቦጭ ነፋስ ገፍቶት በዚያ በኩል ይከማች እንደሆነ። ጎረቤት አጎበር ይሰቅል እንደሆነም ጠይቁ፤ ወባው የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ለመጪው ፍልሰታ ከእኛ ሁለት እኅቶች ፈቃድ አግኝተው ይመጣሉ። ሦስት ስፍራዎች በዝርዝር ይዘዋል፤ ሦስቱም በየካቲት በቪዲዮ የታዩ፣ ሦስቱም ያማሩ ናቸው። ያቺ እኅታችንም የስልክ ቁጥር ሰጥታቸዋለች፤ የወንድሟ ነው። እርሱ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ በየዐሥራ አምስት ቀኑ በውኃው ጠርዝ ላይ የባሕር ዛፍ ችካል እየተከለ ፎቶ ይልክላታል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንደማያቋርጥ ነግሯታል፤ የመጨረሻው ችካል ከተተከለ በኋላ ከሦስቱ የትኛው እንደተረፈ በሚቀጥለው እትም እንጽፋለን።